ወጣቱ ሐኪም ስልኩን ሲያይ ምን እያየ ነው?

ይድረስ ለተከበረው ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል፤

ለዚህ ደብዳቤ መነሻ የሆነኝ ባለፈው ሰሞን ከፒያሳ ወደ ቧንቧ ውሃ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ጭውውት ነው። አንዲት እናት ልጇን ይዛ ሆስፒታል በሄደች ጊዜ የገጠማትን አጠገቧ ለተቀመጡት ሴት ስትነግራቸው፣ «እትዬ፣ ሐኪሙ ገና ልጅ ነው። ደረቷን አዳመጠ፣ ሆዷን ነካ ነካ አደረገና ስልኩን አውጥቶ ሲያይ ቆየ፤ መድኃኒቱን የጻፈልኝ ከዚያ በኋላ ነው። የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ ስልክ ውስጥ ምን ይፈልግ ነበር?» አለቻቸው። ሴትዮዋም ራሳቸውን እየነቀነቁ፣ «የድሮዎቹ ዓይንሽን አይተው ነበር የሚነግሩሽ፤ ብቻ አላህ ያሽርልሽ» አሏት። ከተሳፋሪው መካከል የተቃወመ ሰው አልነበረም።

እኔ የሕፃናት ሐኪም ነኝ፤ በደሴ ከተማ እየሠራሁ ኢንተርኖችን፣ ማለትም ሆስፒታል ውስጥ እየሠሩ ትምህርታቸውን የሚያጠናቅቁ ወጣት ሐኪሞችን፣ ማስተማር ከጀመርኩ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖኛል። ያን ዕለት ምንም ሳልናገር ወረድኩ፤ ምክንያቱም የእናቲቱ ጥርጣሬ በሁለት ዓረፍተ ነገር የሚመለስ አልነበረም። ስልኩን ያየው ወጣት በዚያች ሰዓት ሊሠራ የሚገባውን ከሁሉ የተሻለ ነገር ሠርቶ ይሆናል፤ ወይም ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ ጽሑፍ ላይ ዓይኑን ጥሎ የመድኃኒቱን መጠን እንዳለ ቀድቶ ይሆናል። ሁለቱን የሚለየው ምን እንዳየና ያየውን እንዴት እንደመዘነ ነው፤ መመዘንን ደግሞ ማንም ሰው ብቻውን አይማረውም። ወጣት ሐኪሞቻችን ለማስረጃ ያላቸው አመለካከት በአብዛኛው የእኛ የመምህሮቻቸው ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህንንም የምለው የራሴን ጥፋት ጭምር ይዤ ነው።

«ማስረጃ ላይ የተመሠረተ ሕክምና» የሚለው ሐሳብ በዚህ ስም መታወቅ ከጀመረ ብዙ ዘመን አልሆነውም። ስሙን ያወጣው በካናዳ የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የሆነው ጎርደን ጋያት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1991 በጽሑፍ ከተጠቀመበት በኋላ በቀጣዩ ዓመት ከባልደረቦቹ ጋር ለዓለም ሐኪሞች አስተዋወቀው። በዚያው ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት ያስተማረው ዴቪድ ሳኬት ደግሞ ነገሩ ያለ ትርጉሙ እየተተረጎመ መሆኑን አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 ምን እንደሆነና ምን እንዳልሆነ ከባልደረቦቹ ጋር አብራራ። በእነርሱ አገላለጽ ሐኪሙ ሲወስን በጥናት የተገኘውን ከሁሉ የተሻለ ማስረጃ፣ ራሱ በሥራ ያካበተውን ችሎታ፣ እንዲሁም የታማሚውን ሁኔታና ፈቃድ አንድ ላይ ይዞ ነው። ስለዚህ ይህ አሠራር የአንጋፋ ሐኪሞችን ልምድ ያጣጥላል የሚሉ ሰዎች ያላነበቡትን ነው የሚነቅፉት።

በእኛ ቋንቋ ግን ነገሩ ገና ከስሙ ይጀምራል። «ማስረጃ» ለእኛ የችሎት ቃል ነው። ማስረጃ የሚጠየቀው የተከሰሰ ወይም የሚሟገት ሰው ነው፤ ምስክር ቁጠር፣ ሰነድ አቅርብ የሚባለውም ቃሉ ብቻውን ስላልታመነ ነው። አንድ ኢንተርን ሃያ ዓመት ያገለገለን ሲኒየር ሐኪም «የዚህ ሕክምና ማስረጃው ምንድን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ከአፉ ሲወጣ የዕውቀት ጥያቄ የነበረው ነገር ሲኒየሩ ጆሮ ሲደርስ ክስ ይሆናል። ልጆቻችን ደግሞ ታላቅ ሲናገር አቀርቅሮ ማዳመጥን ከቤታቸው ይዘውት ነው የሚመጡት። ይህ መልካም አስተዳደግ ነው፤ እንዲተዉትም አልመኝም። ይሁን እንጂ ይኸው አክብሮት በሕክምና ትምህርት ቤት ውስጥ ምን መልክ እንደሚይዝ ያየሁበትን አንድ ጠዋት መተረክ ግድ ይለኛል።

ሞርኒንግ የምንለው ሌሊቱን ዲዩቲ ያደረው ኢንተርን ጠዋት በሲኒየሮቹና በጓደኞቹ ፊት ቆሞ የገቡትን ታማሚዎች የሚያቀርብበት ስብሰባ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የክረምት ጠዋት፣ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ መስኮቱን ሸፍኖት ሳለ፣ አንድ ኢንተርን ከባቲ በኩል የመጣችን የሦስት ዓመት ልጅ ታሪክ አቀረበ። ትኩሳቷ ከፍተኛ፣ ትንፋሿ ፈጣን፣ እጆቿና እግሮቿ ቀዝቃዛ ነበሩ፤ ተቅማጥም ትውከትም የላትም። ኢንተርኑ የስኳር መጠኗን ለክቷል፣ የወባ ምርመራ አዝዟል፣ ኦክስጅን አድርጎላታል፤ የደም መጠኗ እጅግ ዝቅ ብሎ ስላገኘው ደም አስመጥቶ አስጀምሮላታል። ግሉኮስ ግን፣ ሕዝቡም እኛም በደም ሥር የሚሰጠውን ፈሳሽ ሁሉ የምንጠራው በዚህ ስም ነውና፣ በፍጥነት አልለቀቀላትም። ቻርቱን ተቀብዬ አየሁና «እጇ ቀዝቅዞ ሳለ ፈሳሽ ያልሮጠላት ለምንድን ነው?» አልኩት። «አንብቤ ነው» አለኝ። «የት?» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ከኋላ የተቀመጡት ጓደኞቹ አቀረቀሩ። እርሱ የጋዋኑን ኪስ ዳበሰና ስልኩን ሳያወጣ እጁን መለሰ፤ «ይቅርታ ዶክተር» ብሎም ወደሚቀጥለው ታማሚ አለፈ።

ከሰዓት በኋላ ታማሚዎች በሚተኙበት ዋርድ ውስጥ ናሙና ሊያደርስ ሲጣደፍ አግኝቼው ምን አንብቦ እንደነበር ጠየቅሁት። ስልኩን ከፍቶ ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውንና ፊስት በሚል ስም የሚታወቀውን ጥናት ነበር። ጥናቱ የተካሄደው በኬንያ፣ በኡጋንዳና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች፣ ከባድ ትኩሳት ይዟቸው የደም ዝውውራቸው በተዳከመ 3,141 ሕፃናት ላይ ነው። ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው መካከል በ48 ሰዓት ውስጥ የሞቱት ከመቶ 10.5 ያህል ሲሆኑ፣ እንዲህ ካልተደረገላቸው መካከል የሞቱት ግን ከመቶ 7.3 ነበሩ፤ ጥናቱም በዚህ ምክንያት ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ እንዲቆም ተደረገ። ተቅማጥ የያዛቸውና በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዱ ልጆች በጥናቱ አልተካተቱም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2016 መመሪያውን ሲያሻሽል፣ የሾክ፣ ማለትም የደም ዝውውር ክፉኛ የመዳከም፣ ምልክቶች በሙሉ ላልታዩባቸው ልጆች ፈሳሽ በፍጥነት እንዳይሰጥ፣ በሾክ ውስጥ ላሉትም በመጠኑና በዝግታ እንዲሰጥ መክሯል። ኢንተርኑ ጠዋት «ተቅማጥም ትውከትም የላትም» ያለው ለዚህ ነበር፤ የውሳኔው ምክንያት እዚያው አቀራረቡ ውስጥ ተቀምጦ ሳለ እኔ አልሰማሁትም።

ጥናቱን አላውቀውም ነበር ብል እዋሻለሁ። ከእርሱ ዓመታት ቀድሜ አንብቤው ነበር፤ ነገር ግን ያነበብኩትንና እጄ የለመደውን አንድ ቀን እንኳ ፊት ለፊት አገናኝቻቸው አላውቅም። ተማሪ ሳለሁ እጁ የቀዘቀዘ ልጅ ፈሳሽ ይሮጥለታል ተብዬ ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ያን ጠዋት የተናገረው ልማዴ ነው።

ልጅቷ ድና ከአባቷ ጋር ወደ አገሯ ተመለሰች። ይህን ስል አንባቢ «እንግዲያስ ኢንተርኑ ልክ ነበር» ብሎ እንዳይደመድም እለምናለሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ላይ ነውና። የአንዲት ልጅ መዳን ለኢንተርኑ ውሳኔ ማስረጃ አይሆንም። ፈሳሹ ሮጦላት ቢሆን እንኳ የመዳን ዕድሏ ሰፊ ነበር፤ በጥናቱ ውስጥ ፈሳሽ በፍጥነት ከተሰጣቸው መቶ ልጆች ወደ ዘጠና የሚጠጉት ከ48 ሰዓት በኋላ በሕይወት ነበሩ፣ ካልተሰጣቸው መቶ ልጆች ደግሞ ወደ ዘጠና ሦስት የሚሆኑት። አንድ ሐኪም በዓመት እንዲህ ያሉ ሃያ ወይም ሠላሳ ልጆች ቢያክም ይህን የሦስት ልጆች ልዩነት በዓይኑ ሊያየው ከቶ አይችልም። የሚያየው ፈሳሹን እንደሰጠ፣ እጃቸው እንደሞቀ፣ አብዛኞቹም እንደዳኑ ነው፤ የሞቱትንም «ዘግይተው መጥተው ነው» ብሎ ያዝንላቸዋል። ሐኪሙ አልዋሸም፣ ያየውንም አላጣመመም። ነገር ግን እነዚያ ሦስት ልጆች በማንኛችንም ፊት «እኛ ነን» ብለው ተለይተው አልቆሙም፤ እነርሱን ለማየት ከሦስት ሺህ በላይ ሕፃናትን በዕጣ ለይቶ መቁጠር አስፈልጓል። ኢንተርኖቼ ሌላውን ሁሉ ቢረሱት እንኳ ይህቺን ስሌት ባይረሷት እወዳለሁ፤ ልምድ የት ድረስ እንደሚያደርስና የት ላይ ዓይኑ እንደሚታወር ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር አላገኘሁምና።

ይህንኑ ክርክር ለወላጆች በየቀኑ የምንነግራቸው ደግሞ እኛው ነን። አንዲት እናት ሕፃኗን ሲያስለው እንጥሉን አስቆርጣ፣ ሲያስቀምጠው የወተት ጥርሱን አስነቅላ ስትመጣ እንቆጣታለን። «ለምን አደረግሽው?» ስንላት፣ «ለእኔ እናቴ፣ ለእናቴም አያቴ አድርገውልናል፤ ልጆቹም ይድናሉ» ትለናለች። እውነቷን ነው፤ ብዙዎቹ ይድናሉ። ሳልና ተቅማጥ የያዘው ሕፃን ፈሳሽና ጡት ሳይቋረጥበት ከቆየ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ያገግማል፤ ምስጋናውን የሚወስደው ግን ምላጩ ነው። በደም መፍሰስና በቁስል መመረዝ የሞቱትን ሕፃናት ደግሞ ማንም ቆጥሮ ደጇ አላመጣላትም። እኛ ይህን ሁሉ በትዕግሥት ካስረዳናት በኋላ ታማሚዎችን አልጋ በአልጋ እየዞርን ወደምናይበት ራውንድ እንሄዳለን፤ እዚያም ኢንተርኑ ለተራ ጉንፋንና ሳል ለገባ ልጅ ሴፍትሪያክሶን የተባለው የፀረ ባክቴሪያ መርፌ የታዘዘው ለምን እንደሆነ ቢጠይቀን፣ «እኛ እንዲህ ነው የተማርነው፤ ልጆቹም ይድናሉ» እንለዋለን። «እናቴ» የሚለው በ«መምህሬ» ተተካ እንጂ ክርክሩ አንድ ነው። ሴፍትሪያክሶን የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 ፀረ ተሕዋስያንን በሦስት ሲመድብ ጀርሞች በቀላሉ እንዳይላመዱት በጥንቃቄ እንዲሰጥ ከለያቸው መድኃኒቶች መካከል ነው። ያቺን እናት ለመውቀስ ከእርሷ የተሻለ መልስ ሊኖረን ይገባል።

ድክመቱ የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአውሮፓና በአሜሪካ ስመ ጥር ሐኪሞች ሕፃናት በሆዳቸው ተደፍተው እንዲተኙ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት መክረዋል፤ ምክንያቱም ሕፃኑ ቢያስመልሰው ትውከቱ ያንቀዋል የሚለው ሐሳብ ለሁሉም እውነት ይመስል ነበር። በኋላ በተደረጉ ጥናቶች ድንገተኛ የሕፃናት ሞት በሆዳቸው ከሚተኙት ላይ እጅግ እንደሚበዛ ታወቀ፤ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወላጆች ሕፃናቱን በጀርባቸው እንዲያስተኙ ዘመቻ ሲደረግም ሞቱ በአሜሪካ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ያን ምክር የሰጡት ሐኪሞች ሕፃናትን የሚወዱ ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ ጠዋት በኋላ ኢንተርኖችን ከዋርድ ውጭ ሻይ እየጠጣን ስለዚህ ጉዳይ መጠየቅ ልማዴ ሆኗል። ማስረጃ አይጠቅምም ያለኝ አንድም ሰው የለም። ይህ በሌላውም ዓለም የታየ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በእንግሊዝ አገር በዌሴክስ አካባቢ በሚሠሩ ጠቅላላ ሐኪሞች ላይ ተካሂዶ የታተመ መጠይቅ፣ አብዛኞቹ ሐሳቡን በደስታ እንደተቀበሉት፣ ትልቁ እንቅፋት ግን የጊዜ እጥረት እንደሆነ አሳይቷል። የእኛዎቹም መጀመሪያ የሚያነሱት ጊዜን ነው። ዲዩቲ ላይ ያለ ኢንተርን ደም ቀድቶ ራሱ ላቦራቶሪ ያደርሳል፣ ውጤት ያመጣል፣ ደም ባንክ ተመላልሶ ይለምናል፣ ታማሚ አስከትሎ ራጅ ክፍል ይሄዳል፤ ሌሊቱን ዓይኑን ሳይከድን አድሮም ጠዋት ሞርኒንግ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለውን ልጅ «ለምን አላነበብክም?» ማለት ቀላል ነው።

ጠጋ ብዬ ስጠይቃቸው ግን ከጊዜ እጥረት ሥር ሌላ ነገር አገኛለሁ። አንዷ ኢንተርን፣ «ዶክተር፣ ባነብም የምሠራው ሲኒየሩ የሚወደውን ነው፤ በዚህ ወር እርስዎ የሚወዱትን፣ በሚቀጥለው ወር ሌላው የሚወደውን» አለችኝ። ሌላው ደግሞ ጥናቱ ሁሉ የፈረንጅ ስለሆነ ለእኛ አይሠራም የሚል ነበር። ይህን ሁለተኛውን በአክብሮት ልቃወመው እፈልጋለሁ። ከላይ ያነሳሁት ጥናት የተሠራው የፅኑ ሕሙማን መሣሪያ በሌላቸው፣ እንደ እኛ ባሉ የምሥራቅ አፍሪካ ሆስፒታሎች ነው፤ ለከባድ ወባ ኩዊኒን ከተባለው የቆየ መድኃኒት ይልቅ አርቴሱኔት የተባለው መርፌ የተሻለ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2010 ያረጋገጠው ጥናትም በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች 5,425 ሕፃናትን ያካተተ ነበር። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ወባ በከተማዋ ብዙ ባይሆንም፣ ከባቲ፣ ከከሚሴና ከአፋር ቆላ የሚመጡልን ልጆች የእነዚያ ጥናቶች ልጆች እኅቶችና ወንድሞች ናቸው።

የሆነ ሆኖ «የኛ አገር ሁኔታ ይለያል» የሚለው ስጋት ጨርሶ ከንቱ አይደለም፤ ስልኩን አምኖ የሚቀበለው ወጣት ሊያስብበት የሚገባም ይኸው ነው። ያለ ጊዜዋ ምጥ ለመጣባት እናት ለጨቅላው ሳንባ መጠንከር የሚሰጠው የስቴሮይድ መርፌ እ.ኤ.አ. በ1972 ኒውዚላንድ ውስጥ ጥቅሙ ከታየ ወዲህ በሀብታም አገሮች ሆስፒታሎች የብዙ ጨቅላዎችን ሕይወት አትርፏል። ይኸው መርፌ በስድስት አገሮች፣ ከነዚህም መካከል በኬንያና በዛምቢያ፣ የእርግዝናውን ጊዜ በትክክል ማወቅ በማይቻልባቸው የገጠር ጤና ተቋማት ጭምር እንዲሰጥ ሲደረግ ግን በአጠቃላይ የጨቅላዎች ሞት ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የእርግዝናው ጊዜ በአልትራሳውንድ ተረጋግጦ፣ ለጨቅላው በቂ እንክብካቤ በሚደረግባቸው የእስያና የአፍሪካ ሆስፒታሎች ከሆነ መርፌው እንደሚጠቅም አሳየ። መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ ውጤቱ በቦታው ተለወጠ። ስልኩ ውስጥ ያለው ጽሑፍ «ይሰጥ» ይላል፤ እዚህ፣ በዚህ ዋርድ፣ ለዚህች እናት ይሁን አይሁን የሚለውን ግን የሚወስነው ከቦታው ያለ፣ ማመዛዘን የተማረ ሐኪም ነው። ይህን ያልተማረ ወጣት ሲኒየሩን ሲያምን እንደነበረው ዛሬ ስልኩን ያምናል፤ የሚያመልከውን ቀየረ እንጂ አልጠየቀም።

ስለ ማንበቢያው ጉዳይ አጭር ነገር ልበል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው ሂናሪ የተባለ ፕሮግራም እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች የሚገኙ ተቋማት ውድ የሆኑ የሕክምና መጽሔቶችን እንዲያነቡ ይፈቅዳል፤ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ኮክሬን የተባለ ድርጅትም በአንድ ጥያቄ ላይ የተሠሩ ጥናቶችን ሁሉ ሰብስቦ፣ መዝኖ ያቀርባል። ይሁን እንጂ የሂናሪ የይለፍ ቃል ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ ኢንተርን እምብዛም አላጋጠመኝም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ የአካባቢያችን የጤና ተቋማት ሲዘረፉ ኮምፒውተሩም መጽሐፉም አብሮ ሄደ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠ ጊዜ ደግሞ፣ ልጆቹ ቀድመው በቴሌግራም ያወረዷቸውን ፒዲኤፎች በፍላሽ እየተቀባበሉ ሲያነቡ በዓይኔ አይቻለሁ። አንዳንዶቹ መመሪያዎች ጊዜ ያለፈባቸው ነበሩ፤ አንዱም ሽፋኑ ስለጠፋ የስንት ዓመተ ምሕረት እንደሆነ አይታወቅም ነበር። እንዲያም ሆኖ ያነቡት ነበር። ይህን ያየ ሰው የዛሬ ወጣቶች ማንበብ አይወዱም ለማለት ይከብደዋል።

እኔ በምሠራበት ዋርድ ከዚያ ጠዋት ወዲህ የጀመርነው ነገር ትንሽ ነው። ነርሶቹ ጠረጴዛ ላይ አንድ የተማሪ ደብተር አለ። ራውንድ ላይ ማንም ሰው፣ ኢንተርንም ይሁን ነርስ፣ «ይህን የምናደርገው ለምንድን ነው?» ያለው ጥያቄ እዚያ ይጻፋል፤ ከየሳምንቱ ጥያቄዎች አንዱን እንመርጥና ሁለት ኢንተርኖች ፈልገው ሐሙስ ከሞርኒንግ በኋላ በዐሥር ደቂቃ ያቀርቡታል። ለዚያ ሲባል ሁለቱ ከዚያች ዕለት ዲዩቲ ነፃ ይሆናሉ፤ ይህ ባይሆን ኖሮ ነገሩ ከሁለት ሳምንት አያልፍም ነበር። የመጀመሪያውን ገጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥያቄውም የዚያች የባቲዋ ልጅ ፈሳሽ ነበር፣ ከሥሩም ያን ጠዋት ተሳስቼ እንደነበር በስሜ አሰፈርኩ። ያን ገጽ ለአዲስ ኢንተርኖች ሁሉ አሳያለሁ። ሲኒየር ሐኪም «አላውቅም፣ አብረን እንየው» ሲል ሰምተው የማያውቁ ልጆች መጀመሪያ ላይ ይደነግጣሉ፤ በሁለተኛው ወር ግን ደብተሩ በጥያቄ ይሞላል። «ማስረጃው ምንድን ነው?» የሚለውንም ትተን «ከምን ተነስተን ነው?» ማለት ጀምረናል፤ ከችሎት ወጥቶ የሁላችንም ጥያቄ ሲሆን ለመጠየቅም ለመመለስም ቀለለ።

ለሆስፒታል ኃላፊዎችና ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የማቀርበው ልመና ከዚህ የራቀ አይደለም። በየዋርዱ ኢንተርኔት ቢጠፋም የሚሠራ፣ ወቅታዊ መመሪያዎች የተጫኑበት አንድ ኮምፒውተር ይኑር፤ የሂናሪ የይለፍ ቃል ከቢሮ መሳቢያ ወጥቶ ለኢንተርኖች ይሰጥ፤ ናሙና የሚያመላልስ ሠራተኛ ተመድቦ ኢንተርኑ በዲዩቲው ውስጥ ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ የሚያነብበት ጊዜ ያግኝ። ኢንተርኖችን ስንመዝንም ያስታወሱትን መጠን ብቻ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ያላወቁትን ነገር እንዴት ፈልገው እንዳገኙ ብንጠይቃቸው ምን እንደምንፈልግባቸው ይገባቸዋል።

ታክሲ ውስጥ ለሰማኋት እናት ደግሞ ያን ዕለት ልነግራት ያልቻልኩትን፣ ሰሞኑን በዲዩቲ ሌሊት ያየሁትን ልንገራት። አንድ አባት የስድስት ወር ልጁን ታቅፎ በምሽት ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥቶ መጣ። ሕፃኑ ብሮንኪዮላይቲስ የሚባለው፣ ትንንሾቹን የአየር ቧንቧዎች የሚያስቆጣው የቫይረስ ሕመም ይዞት ያጣጥራል። ኢንተርኗ መርምራው ኦክስጅን ካደረገችለት በኋላ ስልኳን አወጣች፤ አባትየው ፊቱ ሲጠቁር አየሁት። እርሷም አየችው መሰለኝ፣ ስልኳን ወደ እርሱ አዙራ፣ «ጋሼ፣ ምን እያየሁ እንደሆነ ልንገርዎት? መርፌ ይጠቅመው እንደሆነ ነው። ይህን ሕመም የሚያመጣው ቫይረስ ስለሆነ የባክቴሪያ መርፌ አይነካውም፤ በብዙ ሕፃናት ላይ ተሞክሮ አልጠቀመም። የሚያስፈልገው ኦክስጅን፣ አፍንጫውን ማጽዳትና እናቱ እንድታጠባው ነው» አለችው። አባትየው ስክሪኑን ለጥቂት ጊዜ ሲመለከት ቆይቶ፣ «እንዲያ ከሆነ መርፌው ይቅር፤ ግን በዚህ ሌሊት ሐረጎን ይዤው አልወርድም፣ መንገድ ላይ ቢብስበትስ?» አላት። ኢንተርኗ ዘወር ብላ አየችኝና መልስ ሳትጠብቅ፣ የኦክስጅኑን መጠን ለክታ፣ ቻርቱ ላይ «እስኪነጋ ይቆይ» ብላ ጻፈች።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሕፃናት ሐኪም፣ ከደሴ